ጌትሃይት ዜሮ ይመልሳል፣ ሪሳይክለርቪው ውስጥ ደግሞ የሌላ ካርድ ቁመት ያመጣል፣ የቪው መጠን በትክክል የሚለካው መቼ ነው?

ቤዛ_ኮድ

ሰላም እንዴት ናችሁ። በኮትሊን የአንድሮይድ አፕ እየሰራሁ ነው፣ ኤክስኤምኤል ሌይአውት ነው የምጠቀመው፣ ኮምፖዝ (ስክሪኑ ያለ ኤክስኤምኤል በኮትሊን ኮድ የሚጻፍበት አሰራር) ገና አልገባሁበትም። ስክሪኑ ላይ በሪሳይክለርቪው የሰራሁት የካርዶች ዝርዝር አለ፣ እያንዳንዱ ካርድ ርዕስ አለው ከስሩ ደግሞ ጽሁፍ። ጽሁፉ ከ3 መስመር ካለፈ ይቆረጥና "ተጨማሪ" የሚል በተን ይወጣል፣ በተኑ ሲነካ ካርዱ ቀስ እያለ ተዘርግቶ ሙሉውን ያሳያል። ካላለፈ ግን በተኑ ጭራሽ መታየት የለበትም።

እና ይሄን ለማድረግ የጽሁፉን ቁመት ማወቅ አለብኝ፣ እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። መጀመሪያ በአንድ ካርድ ብቻ ልሞክረው ብዬ ባዶ አክቲቪቲ ላይ ኦንክሪኤት ውስጥ ሴትኮንተንትቪው ካለፈ በኋላ ቪውውን (ጽሁፉን የያዘውን የስክሪን ክፍል) አግኝቼ ቁመቱን በጌትሃይት ስጠይቀው ዜሮ፣ ስፋቱ ጌትዊድዝም ዜሮ፣ አፑ ሲከፈት ግን ቪውው በደንብ ይታያል። ፖስት ውስጥ ክተቺው የሚል ምክር አግኝቼ እሱን ሳደርግ እዛ አክቲቪቲ ላይ ሰራ። ከዛ ወደ ዝርዝሩ ወስጄ አዳፕተሩ ኦንባይንድቪውሆልደር (ካርዱ በዳታ የሚሞላበት ፈንክሽን) ውስጥ ሳስገባው ነገሩ ተመሰቃቀለ፣ ስክሮል ሲደረግ ሁለት መስመር ጽሁፍ ያለው ካርድ ላይ በተኑ ይወጣል፣ አስር መስመር ያለው ላይ ይጠፋል። ሎግ ላይ ሳየው አንዳንዴ የሚመጣው ቁጥር ከዛ በፊት በዛው ሆልደር (የካርድ መያዣ) ውስጥ የነበረው ካርድ ቁመት ነው።

በዛውም ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ ጌትሃይት እና ጌትሜዠርድሃይት ልዩነታቸው ምንድነው? አንዳንዱ ምሳሌ አንዱን ይጠቀማል ሌላው ሌላውን። ደግሞ ኤክስኤምኤል ላይ 48 ዲፒ ብዬ የጻፍኩት በተን ሲለካ 126 ነው የሚለኝ፣ ይሄ ከየት የመጣ ቁጥር ነው? በናታችሁ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዛ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

---

ማታ_ኮደር

ሰላም ቤዛ፣ ከቀላሉ ልጀምር። 126 ትክክል ነው፣ ጌትሃይት የሚመልሰው በፒክስል ነው፣ ኤክስኤምኤል ላይ የጻፍሽው ደግሞ በዲፒ። አንድሮይድ መነሻ ያደረገው 160 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የፒክስል ብዛት) ነው፣ እዛ ስክሪን ላይ 1 ዲፒ እና 1 ፒክስል እኩል ናቸው፣ ከዛ ውጪ ዲፒውን በስክሪኑ ዴንሲቲ ታበዢዋለሽ። ያንቺ መሞከሪያ ስልክ 420 ዲፒአይ መሆን አለበት፣ 420 ለ160 ሲካፈል 2.625፣ 48 ሲባዛ በ2.625 ልክ 126። ሌላ ስልክ 480 ዲፒአይ ቢሆን 144 ይልሽ ነበር። ስለዚህ ኮድ ውስጥ የተለካ ቁጥርን ከተጻፈ ቁጥር ጋር ከማወዳደርሽ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ አሃድ አምጪያቸው፣ "ቁመቱ ከ200 ከበለጠ" የሚል ኮድ አንዱ ስልክ ላይ ሰርቶ ሌላው ላይ የሚበላሸው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዜሮው። ዜሮ የሚመጣው ገና ስላልተለካ ነው፣ ቪውው ምንም አልሆነም። ሴትኮንተንትቪው የሚያደርገው ኤክስኤምኤሉን አንብቦ ኦብጀክቶቹን መፍጠርና እርስ በርስ ማያያዝ ብቻ ነው፣ መጠን የሚባል ነገር ያኔ የለም። መጠን የሚመጣው ሲስተሙ የቪውውን ዛፍ ከላይ ወደ ታች ሲዞር ነው፣ መጀመሪያ ሜዠር ከዛ ሌይአውት ከዛ ድሮው። ኦንክሪኤት፣ ኦንስታርት፣ የመጀመሪያው ኦንሪዙም ሁሉም ከዚህ ዙር በፊት ነው የሚጠሩት፣ ስለዚህ ኮዱን ከኦንክሪኤት አውጥተሽ ኦንሪዙም ላይ ብታደርጊውም አፑ ሲከፈት ያው ዜሮ ነው።

ሜዠር ላይ ፓረንቱ (ሌላውን በውስጡ የያዘው ቪው) ለልጁ ስፋትና ቁመት ለየብቻ ገደብ ይሰጠዋል፣ ይሄ ሜዠርስፔክ ይባላል፣ ሶስት አይነት ነው። ኤግዛክትሊ ማለት ልክ ይሄን ያህል ሁን፣ አትሞስት ማለት ከዚህ አትለፍ እንጂ ከዛ በታች እንደፈለግክ፣ አንስፔሲፋይድ ማለት ገደብ የለህም የምትፈልገውን ንገረኝ። ልጁ ገደቡን አይቶ "ይሄን ያህል እፈልጋለሁ" ብሎ የሚመዘግበው ቁጥር ነው ጌትሜዠርድሃይት። ከዛ ሌይአውት ላይ ፓረንቱ ግራ ቀኝ ላይ ታች ጠርዙን ሰጥቶ ሲያስቀምጠው ጌትሃይት ይመጣል፣ ማለት ከታች ጠርዙ የላይ ጠርዙ ሲቀነስ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ግን ፓረንቱ የልጁን ፍላጎት የማክበር ግዴታ የለበትም፣ እና ሜዠር አልቆ ሌይአውት ገና ያልደረሰበት ሰዓትም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ካልሽ ጌትሃይት ነው። ሁለቱም ፓዲንግን (ከጠርዙ ውስጥ ያለውን ክፍተት) ይጨምራሉ፣ ማርጂን (ከጠርዙ ውጪ ያለውን) ግን አይጨምሩም።

ሌላም ዜሮ አለ። ቪዚቢሊቲው ጎን (GONE፣ የጠፋ ማለት) የሆነ ቪው ፓረንቱ ይዘለዋል፣ አይለካውም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጎን ከሆነ የፈለግሽውን ያህል ብትጠብቂ ዜሮ ነው። ኢንቪዚብል ከሆነ ግን ይለካል፣ ቦታውንም ይይዛል፣ ብቻ አይሳልም። ይሄን ያዢው ለበተንሽ ያስፈልግሻል።

ፖስት የሰራልሽ ራንኤብሉን (የሰጠሽውን ኮድ) ወረፋ ላይ አስቀምጦ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ስላስኬደልሽ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ቪውው አዲስ አይደለም፣ ሪሳይክለርቪው ከስክሪን የወጣውን ካርድ አንስቶ በአዲስ ዳታ ይሞላዋል። ኦንባይንድ ውስጥ ቀጥታ ጌትሃይት ካልሽው አዲሱ ጽሁፍ ገና ስላልተለካ የድሮውን ቁመት በታማኝነት ይነግርሻል፣ ሎግ ላይ ያየሽው እሱን ነው። ፖስት ካደረግሽው ደግሞ ራንኤብሉ ሲደርሰው ሆልደሩ ለሌላ ፖዚሽን ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የአንዱን ካርድ ውሳኔ ሌላው ላይ ይለጥፋል።

መፍትሄው ከኬቲኤክስ (የአንድሮይድ የኮትሊን ማሟያ) ላይብረሪው ዱኦንሌይአውት የሚለውን ተጠቀሚ። እሱ ቪውው ተለክቶ ካለቀና አዲስ ሌይአውት ካልተጠየቀ ወዲያው ያስኬድልሻል፣ አለበለዚያ ቀጣዩን ሌይአውት ጠብቆ አንዴ ብቻ ያስኬዳል። ጽሁፉን ከቀየርሽ በኋላ ነው መጥራት ያለብሽ፣ በፊት ከሆነ የድሮውን ነው የምታገኚው። ኦንግሎባልሌይአውትሊስነር የሚል ምሳሌም ብዙ ታገኚያለሽ፣ ይሰራል ግን በእጅ ካላስወገድሽው በየሌይአውቱ እየተጠራ ይኖራል።

---

ሰብሊ_ዩአይ

ማታ_ኮደር ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ላይ ነው መናገር የምፈልገው፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ኮድ ሪቪው ላይ ደጋግሜ ስለማየው።

ቤዛ፣ አንቺ ማወቅ የፈለግሽው ቁመት አይደለም። ማወቅ የፈለግሽው "ይሄ ጽሁፍ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም" ነው። ቁመት ለክተሽ፣ የአንድ መስመር ቁመት አስልተሽ፣ በሶስት አባዝተሽ፣ ፓዲንግ ቀንሰሽ ከዛ ማወዳደር ማለት ቴክስትቪው አንዴ የሰራውን ስራ እንደገና በግምት መስራት ነው። ቴክስትቪው ጽሁፉን በመስመር በመስመር የሚደለድልበት ሌይአውት የሚባል የራሱ ኦብጀክት አለው (ከቪው ሌይአውት ጋር እንዳይምታታብሽ)፣ የት ላይ እንደሰበረ ስንት ፊደል እንደቆረጠ ሁሉም እሱ ጋ ነው። ማክስላይንስ 3፣ ኤሊፕሳይዝ ኤንድ (መጨረሻው በሶስት ነጥብ እንዲቆረጥ) አድርገሽ ከሌይአውቱ የመጨረሻውን መስመር ጌትኤሊፕሲስካውንት ጠይቂው፣ ከዜሮ ከበለጠ ተቆርጧል፣ አለቀ። ፒክስል የለም፣ ዲፒ የለም፣ ፎንት ቢቀየር አይበላሽም። ጽሁፉ ገና ካልተደለደለ ሌይአውቱ ነል ስለሚሆን እሱን ቼክ አድርጊ።

መቼ ልጠይቀው ካልሽ፣ ያው ከተለካ በኋላ ስለሆነ ዱኦንሌይአውት ወይም ዱኦንፕሪድሮው (ሊሳል ሲል የሚጠራው)። ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ በሌይአውት ሰዓት በተኑን ከጎን ወደ ቪዚብል ከቀየርሽው የካርዱ ቁመት ስለሚቀየር ሌይአውቱ ሳያልቅ ሌላ ሌይአውት እየጠየቅሽ ነው። ፕሪድሮው ላይ ካደረግሽው ደግሞ ያንን ፍሬም ያለበተን ሳይስለው አይቀርም፣ በተኑ በቀጣዩ ፍሬም ይመጣና ከስር ያሉት ካርዶች ዝቅ ይላሉ፣ ስክሮል እያደረገ ያለ ሰው ዝርዝሩ ሲንቀጠቀጥ ይታየዋል። ለዚህ ነው ማታ_ኮደር ኢንቪዚብልን ያዢው ያለሽ፣ የበተኑ ቦታ ሁሌም ተይዞ ቢቀመጥ መታየቱ ወይም አለመታየቱ የማንንም ቁመት አይነካም። አጫጭሮቹ ካርዶች ስር ትንሽ ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ እሱን ዲዛይነሩ ይወስን፣ እኔ በበኩሌ ከሚንቀጠቀጥ ዝርዝር ባዶ ቦታ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኮምፖዝ ስትገቢ ይሄው ሀሳብ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልሻል። ቴክስት ላይ ኦንቴክስትሌይአውት የሚባል ኮልባክ አለ፣ ውጤቱ ላይ ሃዝቪዥዋልኦቨርፍሎው የሚል አለ፣ እውነት ከሆነ ተቆርጧል። ዝርግቱን አኒሜትኮንተንትሳይዝ የሚባለው ሞዲፋየር ራሱ ለክቶ ራሱ ያንቀሳቅስልሻል። መጠን የግድ ካስፈለገ ኦንሳይዝቼንጅድ አለ፣ ቦታም ከፈለግሽ ኦንግሎባሊፖዚሽንድ፣ ሁለቱም በፒክስል ነው የሚሰጡት፣ ወደ ዲፒ ለመቀየር ሎካልዴንሲቲ ያስፈልጋል። ግን ኦንሳይዝቼንጅድ ላይ የመጣውን ስቴት ውስጥ ከተሽ የሌላ ነገር መጠን በሱ ከወሰንሽ ያ ሌላው ነገር አንድ ፍሬም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ምክንያቱም ልኬቱ የመጣው ኮምፖዚሽኑ ካለቀ በኋላ ነው፣ ስቴቱ ሲቀየር እንደገና ሪኮምፖዝ ይደረጋል። ሰው "ኮምፖዝ ብልጭ ይላል" እያለ የሚያማርረው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። የአንዱ መጠን በሌላው ከተወሰነ ሌይአውት የሚለውን ኮምፖዘብል ተጠቅመሽ ሁለቱንም በአንድ የመለካት ዙር ውስጥ ጨርሺው። ኮምፖዝ አንድን ልጅ በአንድ ዙር ሁለቴ መለካት አይፈቅድም፣ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፣ ሁለቴ እየለካሽ አፑን እንዳታዘገዪ ሆን ተብሎ ነው።

---

ቤዛ_ኮድ

ሰብሊ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኤሊፕሲስካውንቱ ሰራ፣ አሁን በተኑ ትክክለኛው ካርድ ላይ ብቻ ነው የሚወጣው። እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር።

ግን አኒሜሽኑ ቀረኝ። ለዝርግቱ የመድረሻውን ቁመት በፒክስል ማወቅ አለብኝ አይደል፣ ቫልዩአኒሜተር ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ቁጥር ይፈልጋል፣ ሙሉው ጽሁፍ ደግሞ ገና ስክሪን ላይ አልወጣም። ያልታየ ነገር እንዴት ይለካል?

---

ማታ_ኮደር

አዎ እዚህ ላይ እውነተኛ ልኬት ያስፈልጋል፣ ሰብሊም የምትቃወም አይመስለኝም።

ቪውውን ራስሽ መለካት ትችያለሽ። ማክስላይንሱን መጀመሪያ ወደ ትልቅ ቁጥር ቀይሪው፣ ከዛ ሜዠርን ራስሽ ጥሪው፣ ለስፋቱ ኤግዛክትሊ ከአሁኑ ስፋት ጋር፣ ለቁመቱ አንስፔሲፋይድ። ስፋቱን ነጻ እንዳትለቂው፣ ነጻ ከለቀቅሽው ጽሁፉ በሙሉ በአንድ መስመር ተዘርግቶ የአንድ መስመር ቁመት ይሰጥሻል። ከዛ ጌትሜዠርድሃይት አንብቢ፣ መድረሻሽ እሱ ነው። ቅድም የጠየቅሽው የሁለቱ ልዩነት እዚህ ጋ በአይንሽ ይታይሻል፣ በዛች ቅጽበት ጌትሃይት የ3 መስመሩን ቁመት ነው የሚለው፣ ጌትሜዠርድሃይት የሙሉውን። አንዱ አሁን ያለሽበት ሌላው የምትደርሺበት፣ አኒሜተሩ የሚፈልገው ሁለቱን ነው።

አኒሜሽኑ ሲያልቅ ሌይአውትፓራምስ ላይ ያለውን ቁመት ወደ ራፕኮንተንት መልሺው፣ ይሄን እባክሽ እንዳትዘይው። ካልመለስሽው ቪውው በዛ የፒክስል ቁጥር ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፣ ሆልደሩ ለሌላ ካርድ ሲሰጥ ወይ ጽሁፉ በኋላ ሲቀየር ወይ ይቆረጣል ወይ ባዶ ይተርፈዋል። ኦንባይንድ መጀመሪያ ላይም ማክስላይንሱንና ቁመቱን ወደ መነሻቸው መልሺ፣ ካርዱ ተዘርግቶ እንደነበር ደግሞ ቪውው ላይ ሳይሆን ዳታው ላይ መዝግቢ።

ይሄ ሁሉ ከበዛብሽ ትራንዚሽንማኔጀር አለ፣ ቢጊንዲሌይድትራንዚሽን ብለሽ ከጠራሽው በኋላ ማክስላይንሱን መቀየር ብቻ ነው፣ በፊትና በኋላ ያለውን መጠን ራሱ መዝግቦ መሃሉን ይሞላልሻል። የሚንቀሳቀሱት ከስር ያሉት ካርዶችም ስለሆኑ እንደ ሩት ሪሳይክለርቪውውን ስጪው።

ጽሁፉን ስክሪን ላይ ሳይወጣ በፊት አስቀድመሽ መለካት ከፈለግሽ ስታቲክሌይአውት አለ፣ ቢልደሩ ከኤፒአይ 23 ጀምሮ ይሰራል። የቴክስትቪውውን ፔይንትና ስፋት ትሰጪዋለሽ ስንት መስመር እንደሚሆን ይነግርሻል። ግን የመስመር ክፍተቱ፣ የፎንት ፓዲንጉ፣ የቃል አሰባበር ስትራቴጂው ሁሉ ከቴክስትቪውው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አንዷ ከተለየች አልፎ አልፎ በአንድ መስመር የሚሳሳት ልኬት ነው የሚኖርሽ፣ እሱ ደግሞ ሁሌ ከሚሳሳት ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል።

---

ፍሉተር_ናቲ

አንድሮይድ ኔቲቭ ባልሰራም ጥያቄው ፍሉተር (ሌላ የአፕ መስሪያ) ላይም ስለሚመጣ ለሚያነቡ ሰዎች ልጨምር። ፍሉተር ውስጥ ህጉ አንድ ነው፣ ኮንስትሬይንት ወደ ታች ይወርዳል፣ መጠን ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ፓረንቱ ይወስናል። ኢኒትስቴት ውስጥ የዊጄት መጠን መጠየቅ ከቤዛ ኦንክሪኤት ጋር አንድ ነው፣ ገና የለም፣ እዛ ያለው ዜሮ ሳይሆን ኤረር ነው። ግሎባልኪይ አድርጎ ከአድፖስትፍሬምኮልባክ ውስጥ ሬንደርቦክሱን አግኝቶ ሳይዙን ማንበብ ይቻላል ግን ያኔ ፍሬሙ ተስሎ አልቋል፣ በሱ ተመርኩዞ ሴትስቴት ካላችሁ ያው አንድ ፍሬም የዘገየ ነገር ነው።

ለዛ ነው ብዙ ሰው መጠን እፈልጋለሁ ሲለኝ ሌይአውትቢልደር በቂ ነው የምለው። እሱ የሚሰጣችሁ የራሳችሁን መጠን ሳይሆን ፓረንቱ የፈቀደላችሁን ገደብ ነው፣ እዛው ፍሬም ላይ፣ ሳትዘገዩ። ሁለት ኮለም ላሳይ ወይስ አንድ የሚለው ውሳኔ ከዚህ በላይ ምንም አይፈልግም። ለቤዛ አይነት ጉዳይ ደግሞ ቴክስትፔይንተር አለ፣ ማክስላይንስ ሰጥታችሁ ሌይአውት ብላችሁ ዲድኤክሲድማክስላይንስ የሚለውን ማየት ነው፣ ሰብሊ ያለችው ሀሳብ ቃል በቃል። ቴክስትስኬለሩን ከሚዲያኩዌሪ ወስዳችሁ ስጡት፣ ካልሰጣችሁት ፎንት ያሳደገ ተጠቃሚ ጋ ልኬታችሁና ስክሪኑ ላይ ያለው አይገናኙም። ኢንትሪንሲክሃይት ደግሞ ረጅም ዝርዝር ውስጥ አትክተቱ፣ ልጆቹን አንዴ ለግምት አንዴ ለእውነት ስለሚያስለካ ውድ ነው።

ሪአክት ኔቲቭ ላይም ትንሽ ሰርቻለሁ፣ እዛ ኦንሌይአውት የሚባል ፕሮፕ አለ፣ ስፋት ቁመትና ከፓረንቱ አንጻር ያለውን ቦታ ይሰጣል፣ ቁጥሩ በፒክስል ሳይሆን ከዴንሲቲ ነጻ በሆነው አሃድ ነው። አንድሮይድ ላይ ሌላ ስራ የሌለው ባዶ መጠቅለያ ቪው ፍሬምወርኩ አጥፎ ሊያስቀረው ስለሚችል ሜዠር ስትሉት ምንም ላይመልስ ይችላል፣ ኮላፕሰብል የሚለውን ፎልስ አድርጉት።

---

ነጥብ_በነጥብ

አይኦኤስ ለሚሰሩ በአጭሩ። ቪውዲድሎድ ላይ ያለ ፍሬም የመጨረሻው አይደለም። ከአንድሮይድ የሚለየው ዜሮ ሳይሆን ከስቶሪቦርዱ የመጣ ቁጥር ሊሰጣችሁ መቻሉ ነው፣ ዲዛይን ያደረጋችሁበት ስልክ ስፋት ማለት ነው፣ እውነተኛ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ማንም አይጠረጥረውም፣ ሌላ መጠን ያለው ስልክ ላይ ነው የሚጋለጠው። ቪውዲድሌይአውትሰብቪውስ ላይ አንብቡ፣ እሱ ደጋግሞ እንደሚጠራ እያሰባችሁ። ትራንስፎርም ያለበት ቪው ላይ ፍሬምን ተዉት፣ ባውንድስና ሴንተር ነው የሚታመነው። ስዊፍትዩአይ ላይ ጂኦሜትሪሪደር የተሰጠውን ቦታ በሙሉ ስለሚይዝ በቀጥታ መሃል ላይ ስትከቱት ዲዛይኑ ይፈርሳል፣ ባክግራውንድ ውስጥ ክተቱት፣ ወይ ደግሞ ኦንጂኦሜትሪቼንጅ የሚለውን አዲሱን ሞዲፋየር ተጠቀሙ፣ ወደ አይኦኤስ 16 ድረስ ወደ ኋላ ይሰራል።

---

ቤዛ_ኮድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትራንዚሽንማኔጀሩን ነው የተጠቀምኩት፣ ያምራል፣ ቁጥር የሚባል ነገር ኮዱ ውስጥ አልቀረም። የኤሊፕሲሱም ውጤት በየጊዜው እንዳይጠየቅ በካርዱ አይዲ ማፕ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ስልኩ ሴቲንግ ላይ ፎንቱን እስከ መጨረሻው ሳሳድገው 48 ዲፒ ያልኩት በተን ውስጥ ያለው ጽሁፍ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ደግሞ አፑን ስፕሊት ስክሪን ላይ ከሌላ አፕ ጎን ስከፍተው የምስሉን ስፋት በስክሪኑ ስፋት ስላሰላሁት ግማሹ ከዊንዶው ውጪ ይሄዳል። ስክሪኑን ለመለካት የተጠቀምኩት ዲፎልትዲስፕሌይ ላይ ጌትሪልሳይዝ የሚለውን ነው፣ ስቱዲዮው ዴፕሪኬትድ ነው እያለ መስመር ያሰምርበታል።

---

ሰብሊ_ዩአይ

የበተኑ ነገር፣ ጽሁፍ የያዘ ነገር ላይ ቁመት አትጻፊ፣ ቁመቱን ራፕኮንተንት አድርጊና 48 ዲፒውን ሚንሃይት ላይ አውርጂው። 48 ዲፒ ጣት በቀላሉ እንዲነካው የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን ነው (አፕል ጋ 44 ፖይንት ነው)፣ ዝቅተኛ ማለት ደግሞ ከዛ በላይ ቢያድግ ችግር የለውም ማለት ነው። አንድሮይድ 14 ላይ ፎንት እስከ 200 ፐርሰንት ያድጋል፣ ያውም እኩል አይደለም የሚያድገው፣ ትንሹ ጽሁፍ ብዙ ያድጋል ቀድሞውንም ትልቅ የሆነው ትንሽ ብቻ። ስለዚህ ኤስፒን (የፎንት መጠን አሃዱን) በስኬልድዴንሲቲ አባዝቶ ፒክስል ማውጣት እዛ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፣ ታይፕድቫልዩ ላይ አፕላይዳይሜንሽን የሚለውን ጥሪ፣ እሱ ያውቀዋል። ይሄን አጥብቄ የምለው ፎንት አሳድጎ የሚጠቀመው ሰው አማራጭ ኖሮት ስላልሆነ ነው፣ ለሱ የተቆረጠ በተን ማለት የማይነበብ በተን ነው።

ማፑ ላይም ተጠንቀቂ፣ የተቆረጠ ወይስ ያልተቆረጠ የሚለው መልስ የካርዱ ብቻ አይደለም፣ የስፋቱና የፎንቱም ነው። ስልኩ ሲዞር በቁም ተቆርጦ የነበረው ጽሁፍ በአግድም ሙሉ ሊገባ ይችላል፣ ማፑ ቪውሞዴል ውስጥ ከሆነ ደግሞ አክቲቪቲው እንደገና ቢፈጠርም የድሮውን መልስ ይዞ ይቆያል። ቁልፉ አይዲውን፣ የቴክስትቪውውን ስፋትና ፎንትስኬሉን አንድ ላይ የያዘ ይሁን፣ ወይ ደግሞ ማፑን ጭራሽ ተዪው፣ ኤሊፕሲስካውንት የተደለደለ ነገር ማንበብ እንጂ ስሌት ስላልሆነ የምታተርፊው ነገር የለም።

---

ማታ_ኮደር

ስፕሊት ስክሪኑ ላይ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ አፑ የተሰጠው ዊንዶው ስፋት ነው፣ ስክሪኑ የሌላ አፕም ጭምር ነው። ከኤፒአይ 30 ጀምሮ ከረንትዊንዶውሜትሪክስ አለ፣ ለቆዩት ስልኮች የጄትፓክ ዊንዶውማኔጀር ላይብረሪ ውስጥ ዊንዶውሜትሪክስካልኩሌተር አለ፣ ሁለቱንም በአንድ ኮድ ይሸፍንልሻል። ዊንዶው ጠባብ ነው ሰፊ ነው ብለሽ ዲዛይን ለመቀየር ደግሞ የራስሽን ቁጥር ከምትፈጥሪ የተለመዱትን ተጠቀሚ፣ ከ600 ዲፒ በታች ኮምፓክት፣ ከ600 እስከ 840 ሚዲየም፣ ከዛ በላይ ኤክስፓንድድ። ታጣፊ ስልኮች ላይ አፑ ክፍት እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር አንዴ ለክተሽ ስታቲክ ቫሪያብል ውስጥ አታስቀምጪ።

እዛ ላይ እያለሽ፣ ታርጌት ኤስዲኬውን 35 ስታደርጊ አንድሮይድ 15 ላይ አፑ ከስታተስባሩና ከናቪጌሽን ባሩ ስር ጭምር እንዲዘረጋ ይገደዳል። የዊንዶው ቁመት እና ሰው በነጻነት የሚያየው ቁመት ያኔ ይለያያሉ፣ ልዩነቱን ከዊንዶውኢንሴትስ ነው የምታገኚው፣ የስታተስባር ቁመት 24 ዲፒ ነው ብሎ ኮድ ውስጥ መጻፍ ካሜራው ስክሪኑ ውስጥ የገባበት ስልክ ላይ አይሰራም።

ለምስሉ ግን እውነቱን ለመናገር ምንም መለካት አያስፈልግሽም። ኮንስትሬይንትሌይአውት ውስጥ ስፋቱን 0 ዲፒ አድርገሽ ግራና ቀኙን ከፓረንቱ ጋር እሰሪው፣ ቁመቱንም 0 ዲፒ አድርገሽ ዳይሜንሽንሬሺዮ ላይ 16፡9 በይው፣ ዊንዶው ቢጠብም ቢሰፋም ራሱ ይስተካከላል።

---

ቤዛ_ኮድ

ሬሺዮው ሰራ፣ የስክሪን መለኪያ ኮዱን በሙሉ አጠፋሁት፣ ማፑንም እንደዛው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ አንድ ካርድ ላይ ከጽሁፉ ስር የማልጠብቀው ክፍተት ይታየኛል፣ ማርጂን ይሁን ፓዲንግ ወይስ ቪውው ራሱ ይሁን የረዘመው በሎግ መለየት አልቻልኩም።

---

ማታ_ኮደር

በሎግ አትድከሚ። ስልኩ ላይ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ሾው ሌይአውት ባውንድስ የሚለውን አብሪው፣ የእያንዳንዱ ቪው ጠርዝ በመስመር ይከበባል፣ ማርጂኑ በቀለም ተሞልቶ ይታያል፣ ክፍተቱ ከጠርዙ ውስጥ ከሆነ ፓዲንግ ነው ወይ ቪውው ራሱ ረዝሟል። ከዛ ሌይአውት ኢንስፔክተር ከፍተሽ ያንን ቪው ስትነኪው ቁመቱንና ፓዲንጉን በቁጥር ያሳይሻል። ጽሁፍ ስር ብቻ ከሆነ ኢንክሉድፎንትፓዲንግ የሚለውን ፎልስ አድርገሽ እይው፣ ቴክስትቪው ረጃጅም ምልክት ላላቸው ፊደላት ብሎ ከላይና ከታች የሚጨምረው ቦታ ነው፣ ግን የምታሳዪው ጽሁፍ በሌላ ፊደልም የሚጻፍ ከሆነ በዛኛው ሞክረሽ ጫፉ እንደማይቆረጥ ሳታረጋግጪ አትልቀቂው።